በጠጠርና በጠጠር መካከል

ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ዘግቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ጆሮዬ ላይ የጠጠር ድምፅ አለ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ።

የጌም ፕሮግራመር ነኝ። ይህን ስል አብዛኛው ሰው "ታዲያ ስትጫወት ነው የምትውለው?" ይለኛል። የምውለው ጊዜ ስቆጥር ነው። አንድ ጌም በሰከንድ 60 ምስል እንዲያሳይ ከተፈለገ ለአንዱ ምስል የሚደርሰው ጊዜ ከ17 ሚሊ ሰከንድ ያንሳል። በዚያች ውስጥ ጣት የነካውን ማንበብ፣ የሚንቀሳቀሰውን ማንቀሳቀስ፣ ማን ከማን እንደተጋጨ ማስላት፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉንም መሳል አለ። አንዱ ከዘገየ ስክሪኑ ይንገጫገጫል። ተጫዋቹ ምክንያቱን አያውቅም፣ ግን ይሰማዋል።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያወቅኩት ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን፣ ተራ የምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር። ከጆይስቲኮቹ አንዱ ቁልፉ ስለላላ ኳስ ስትመታ ትንሽ ይዘገያል። ሁላችንም ያንን ጆይስቲክ እንሸሽ ነበር። ስንት እንደሚዘገይ ማንም ለክቶት አያውቅም፣ ጣታችን ግን ያውቀዋል።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ወረቀት ላይ እየጻፉ መፈተን፣ ምረቃ። ሥራ ስጀምር አራት ዓመት የፋርማሲ ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠራሁ። ክፉ ሥራ አልነበረም፣ የቤት ኪራይ ይከፍል ነበር። ማታ ማታ ግን ዩኒቲ የሚባለውን የጌም መሥሪያ ፕሮግራም እየነካካሁ ቋንቋውን ሲ ሻርፕን እማራለሁ። ቤቴ ኢንተርኔቱ ስለማይችለው ፕሮግራሙን የማወርደው ቅዳሜ ቢሮ ሄጄ ነበር። የመጀመሪያዋ ኳሴ መሬት መትታ ስትነጥር ያየሁበት ማታ እስከ ንጋት አልተኛሁም።

በኋላ ውጭ አገር ያለ አንድ ስቱዲዮ ከዚሁ ሆኜ እንድሠራ ቀጠረኝ። 14 ወር የለፋንበት ጌም ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ተሰረዘ። የነገሩን በአራት መስመር ኢሜይል ነው። ኮዱ የእነሱ ስለሆነ ለማንም ማሳየት አልችልም። ከሁሉ የከበደኝ ያ ነው፤ 14 ወር የሠራሁት ነገር አንድም ሰው ጣቱን ሳያሳርፍበት ቀረ። ለሳምንታት አንድ መስመር አልጻፍኩም።

በዚያ ሰሞን ደግፎ ያቆመኝ የድሮ ጌሞችን ኮድ ማንበብ ነው። እስከ ዛሬ ደስ ከሚሉኝ ነገሮች አንዱ ነው። ዱም የሚባለው የተኩስ ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፣ በ1997 ደግሞ ሠሪዎቹ ኮዱን ማንም እንዲያነበው ለቀቁት። እዚያ ውስጥ ዓለሙ በሰከንድ የሚንቀሳቀሰው 35 ጊዜ ነው። የዘመኑ የቤት ኮምፒውተሮች ክፍልፋይ ቁጥር ሲያሰሉ ይዘገዩ ስለነበር፣ አንዱን ባለ 32 ቢት ቁጥር ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለሙሉ ቁጥር፣ ግማሹን ለክፍልፋይ ሰጡት። ይህን ሳነብ እነሱም እንደኔ ሚሊ ሰከንድ ሲለቅሙ ያደሩ ሰዎች መሆናቸው ታየኝ።

ሌላው ልማዴ እሁድ ጠዋት እንጦጦ መውጣት ነው። ስመለስ ሽሮ ሜዳ አጎቴ ቤት እገባለሁ። ጋሼ ገበጣ ይወዳሉ። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ጉድጓዱ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ገበጣ አላቸው። አንድ እሁድ ሲያሸንፉኝ፣ ለምን ይህን አልሠራም አልኩ።

ሕጉን ኮድ ማድረግ ሁለት ማታ ፈጀ። መጀመሪያ ግን የማንን ሕግ? የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነት መዝግበዋል። እኔ የጋሼን ያዝኩ። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ርዕሱን "ገበጣ" ብዬ ስጽፍ ስክሪኑ ላይ ሦስት ባዶ ሳጥን መጣ። (ፊደላችን ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል ዝርዝር፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ዩኒቲ ይዞት የሚመጣው ፎንት ግን ፊደላችን የለውም። ፎንት ፈልጎ ማስገባት ነው። የእንግሊዝኛው ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው፣ የኛ 33 በሰባት ብቻ 231።)

ለጋሼ ሳሳያቸው ጉድጓዱን ነኩት። ጠጠሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታቸው ተገኙ። ስልኩን አገላብጠው አዩና "ማን አደላቸው? እጁ የት አለ?" አሉኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ስልኬን ከገበጣው ጎን አድርጌ ሲጫወቱ ድምፁን ቀረጽኩ። ቤት ገብቼ ሞገዱን ዘርግቼ አየሁት። በጠጠርና በጠጠር መካከል 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ አለ፣ እኩል ግን አይደለም። ሲጀምሩ ይዘገያሉ፣ መሃል ላይ ይፈጥናሉ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር ከመውደቋ በፊት እጃቸው ቆም ይላል። ጨዋታው መቀጠሉም ማብቃቱም በእሷ ነዋ! ድምፁም ሁለት ዓይነት ነው። ባዶ ጉድጓድ ላይ ጠጠር እንጨት ይመታል፣ ሌላው ላይ ጠጠር ከጠጠር ይጋጫል። ሁለቱንም ቆርጬ አስገባሁ። ይህን ሁሉ ርካሽ ስልክ ላይ ሳይንገጫገጭ ለማስኬድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ባለፈው እሁድ እንደገና ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ጉድጓድ ነኩ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። የመጨረሻዋ ልትወድቅ ስትል ትንፋሻቸውን ያዙ። አየኋቸው። ደረታቸው ቆመ።

"እስቲ ድገመው" አሉኝ።

ሰባት ጊዜ ተጫወቱ። ከዚያ አሥራ ሁለት ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ሲያነሱ ግንባራቸው ተኮማተረ። "ይሄ ቀለለ" አሉ። ተነስተው ከእውነተኛው ገበጣ አሥራ ሁለት ጠጠር አፍሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና "በል አድል" አሉኝ። ልክ ናቸው። የሞላ እጅ አይፈጥንም። ጠጠሩ እንዳያመልጥ ጣት ይጨነቃል፣ እጁ እየቀለለ ሲሄድ ነው የሚፈታው።

ትናንት ማታ ያስነሳኝ ይሄ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት አብርቼ፣ እጁ በያዘው ጠጠር ልክ ፍጥነቱ እንዲለወጥ አድርጌ ጻፍኩት። አይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጠጠሮች አሁን ልክ ናቸው። አራተኛዋ ገና ትቸኩላለች። ለእሁድ አደርሳታለሁ።