ከአንዲት ነጥብ ያነሰች ቀለበት፦ ባለካሜራዋን መርማሪ ሳደርግ

አሥራ አንድ ምዕራፍ ከጻፍኩ በኋላ ሰባቱን ጣልኩ። ጥፋቱ የቋንቋም የታሪክም አልነበረም፤ የቀለበት ነበር። በድሮው ማተሚያ ቤት የሠራ አንድ ሰው ገና ስጀምር «ጋዜጣ ላይ የወጣ ፎቶ ቀለበት አያሳይም» ቢለኝ ኖሮ ስንት ወር በተረፈኝ። እናንተም የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሴት ወንጀል የምታወጣበት የድሮ ዘመን ልብወለድ ጀምራችሁ ከሆነ፣ ሌላውን ብትዘሉት እንኳ የቀለበቱን ነገር አትዝለሉት።

ፈረንጆቹ ኮዚ የሚሉት የወንጀል ልብወለድ ደንቡ ብዙ አይደለም። ግድያው ከአንባቢ ዓይን ውጪ ያልቃል፣ ደም አይረጭም፣ መርማሪዋ ፖሊስ አይደለችም፣ ሰዉ ሁሉ ይተዋወቃል፣ መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል። እነሱ ለዚህ የገጠር መንደር ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን እድር ነበረኝ። አባላቱ በመዝገብ የሰፈሩ፣ ማን መዋጮ እንዳጓደለ፣ ማን ለቅሶ እንደቀረ የሚታወቅበት። ከዚህ የተሻለ የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ከየት ይመጣል? ቡናውን ግን ቆጥባችሁ ተጠቀሙበት። የእኔ የመጀመሪያ ረቂቅ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ሦስት አስቀረሁ፣ እሱም በዛ።

ዘመኑን ጳጉሜን 1951 ላይ ተከልኩት፣ ቦታውን አዲስ አበባ። 1951 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ በዚህ የተነሳ የ1952 መስከረም 1 የዋለው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን 1959፣ ቅዳሜ ነው። ይህችን አንዲት ቀን አትናቋት። በታሪኩ ውስጥ የሐሰት ደረሰኝ የሚያዘጋጀው ሰው «መስከረም 1» ጽፎ ከጎኑ በልማድ «ሴፕቴምበር 11» ይላል፤ ደረሰኙ በዕለቱ እንዳልተቆረጠ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ቀኖቻችሁን በግምት አትቀይሩ፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ዕለቱን፣ የኢትዮጵያውን ቀን፣ የፈረንጁን ቀንና የጠዋቱን ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሰዓቱም ቢሆን ሌላ ወጥመድ ነው፤ የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ገጸ ባሕርይ «በሦስት ሰዓት» ሲል የትኛውን ሦስት ሰዓት እንደሆነ መጀመሪያ እናንተ ማወቅ አለባችሁ።

ከዘመኑ የማይሄዱ ቃላት ሳይታሰብ ይገባሉ። ቀበሌ ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ የመጣ ነገር ነው፤ በ1951 «የቀበሌው ሊቀመንበር» ብሎ መጻፍ ልብወለዱን በአንድ ቃል ይገድለዋል። ቴሌቪዥን ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል፣ የተጀመረው በ1957 ነው። አፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ስለሆነ ጀግናዬ በበሩ አታልፍም።

የድሮ ጋዜጣ ለማየት የሄድኩበት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀኝ፤ ደብዳቤውን ሳመጣ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባልኩ። እዚያ የሚሰጠው ምክር ርዕሰ ጉዳያችሁን ጻፉና ፈልገን እናመጣለን የሚል ነው። አትስሟቸው። በቀን ጠይቁ፣ ጥራዙ እንዳለ ይምጣላችሁ፣ ዋናውን ገጽ አልፋችሁ ማስታወቂያውን አንብቡ። የባለሥልጣን ጉብኝት ዜና ለልብወለድ አይረባም፤ የጠፋ ቦርሳ፣ የሚከራይ ቤት፣ አዲስ የገባ የግድግዳ ሰዓት ግን ምዕራፍ ይሆናል።

«በዚያ ዘመን ሴት ፎቶ አንሺ ነበረች ወይ?» ብሎ የሚሞግታችሁ አይጠፋም። ጋዜጠኛና ደራሲዋን ሮማነወርቅ ካሳሁንን አስታውሱትና እለፉ። ከሌላ አገር ማስረጃ ካስፈለገም ጄሲ ታርቦክስ ቢልስ አለች። በፈረንጆች 1902 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ በጋዜጣ ፎቶ አንሺነት ተቀጠረች፤ በቀጣዩ ዓመት ካሜራ በተከለከለበት የግድያ ችሎት፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ወጥታ ከበር በላይ ባለች መስኮት አጮልቃ አነሳች። እኔ ጀግናዬን ጽጌን አንድ ጊዜ ወንበር ላይ ያወጣኋት ከዚህ ተምሬ ነው።

ካሜራዋ ሮለይፍሌክስ ነው፤ በአንድ ፊልም 12 ምስል፣ እያንዳንዱ 6 በ6 ሳንቲም። ከላይ ወደ ታች የሚታይ ስለሆነ ጽጌ ሰዎችን የምታነሳው ከሆዷ ከፍታ ነው፤ በመመልከቻው ውስጥ ደግሞ ቀኝና ግራ ተገላብጦ ይታያል። ፊልሙ ትራይ-ኤክስ ከሆነ ፍጥነቱን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 200 በሉት። የመለኪያው ደንብ የተቀየረው በፈረንጆች 1960 ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ካርቶኑ ላይ 400 የሚል አልነበረም። የፍላሽ አምፖል አንዴ በርቶ የሚጣል ነው፤ የሚያቃጥል ስለሆነ በመሐረብ ይነቀላል፤ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ኤሌክትሪኩ በደንብ እንዲነካው ቂጡን በምላስ ማርጠብ የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ልማድ ነበር። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ብታስገቡ አንባቢ ሙያውን ያምናችኋል።

አሁን ወደ ቀለበቱ።

የመጀመሪያው ሴራ እንዲህ ነበር። ጽጌ የእድሩን ስብሰባ ታነሳለች፣ ፎቶው በማግስቱ በጋዜጣ ይወጣል፣ ገዳዩ ጋዜጣውን ሲያይ ጣቱ ላይ የሟቹን ቀለበት አድርጎ መታየቱን ይረዳል፣ ደንግጦ ኔጌቲቩን፣ ምስሉ ያለበትን ፊልም፣ ሊሰርቅ ይመጣል። ቀለበቱ ላይ «ተ» የሚል ፊደል ተቀርጿል። ስጽፈው በጣም ኮርቼበት ነበር፤ ሰባቱም ምዕራፎች የተንጠለጠሉት በዚህ ላይ ነው።

ስሌቱን የሠራሁት ዘግይቼ ነው። ጽጌ ከስምንት ሜትር ርቀት ብታነሳ፣ በዚያ ካሜራ 75 ሚሊሜትር ሌንስ የሚገባው ስፋት ስድስት ሜትር ያህል ነው። ፎቶው ጋዜጣ ላይ በሁለት ዓምድ፣ 9 ሳንቲም ስፋት ቢወጣ አንድ ሜትር ወደ አንድ ሳንቲም ተኩል ይወርዳል። ሁለት ሳንቲም ፊት ያላት ትልቅ ቀለበት 0.3 ሚሊሜትር ትሆናለች ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ «ታንሳለች እንጂ ትታያለች» ልትሉ ትችላላችሁ፤ እኔም ብያለሁ።

ነገር ግን ጋዜጣ ፎቶን እንዳለ አያትምም። ሥዕሉ በመረብ፣ ጥቃቅን መስመር በተሰመረበት መስታወት፣ በኩል እንደገና ይነሳና ወደ ነጥቦች ይበተናል፣ በዚንክ ሰሌዳ ላይ በአሲድ ይበላል፣ ክሊሼ የሚባለው ይህ ሰሌዳ በእንጨት ላይ ተመትቶ ከእርሳስ ፊደሉ እኩል ቁመት ይዞ ገጹ ውስጥ ይታሰራል። ለሻካራ የጋዜጣ ወረቀት የሚሆነው መረብ በኢንች 65 መስመር ያህል ነው፤ በሳንቲም 26 ማለት ነው። ከአንዲት ነጥብ እስከ ቀጣይዋ ያለው ርቀት ወደ 0.4 ሚሊሜትር ይጠጋል። የእኔ ቀለበት 0.3 ናት። ከአንዲት ነጥብ ታንሳለች! ገዳዩ ጋዜጣውን በማጉያ መነጽር ቢያየው የሚያገኘው ትልልቅ ነጥብ ነው እንጂ ቀለበት አይደለም። ያልታየ ነገር ደግሞ አያስደነግጥም፤ ያልደነገጠ ሰው ሌሊት መስኮት ሰብሮ አይገባም።

ለማዳን ያልሞከርኩት የለም። ጽጌን ወደ ሦስት ሜትር አቀረብኳት፤ ያን ጊዜ ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ከፎቶው ወጡ። ፎቶውን በአራት ዓምድ አወጣሁት፤ የአንድ ሰፈር እድር ስብሰባ በ1951 አራት ዓምድ የሚሰጠው አዘጋጅ የለም። ገዳዩ ዋናውን የፎቶ ወረቀት እንዲያይ አደረግኩ፤ ግን ጋዜጣ ቤት ምን ሊሠራ ገባ? ፊደሉም ቢሆን ኔጌቲቩ ላይ አይነበብም። ቀለበቷ እዚያ 0.2 ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም፤ አሥር እጥፍ ስትጎላ ጎበጥ ያለ ነገር ጣት ላይ እንዳለ ይታያል፣ «ተ» ይሁን «ቸ» ግን አይለይም። ካሜራው በእጅ ተይዞ በሰከንድ አንድ ስልሳኛ ከተነሳ ደግሞ እሱም ይደበዝዛል።

የልብወለድ አጻጻፍ የሚያስተምሩት «መጀመሪያ ገዳዩን እወቅ፣ ከዚያ ፍንጩን ዝራ» ይላሉ። ፎቶ አንሺ መርማሪ ላላት ታሪክ ይህ ምክር አይሠራም እላለሁ። መጀመሪያ 12ቱን ምስሎች ሥሩ። በአንድ ገጽ ላይ አሥራ ሁለት ሳጥን ሥሉ፤ በየሳጥኑ ሰዓቱን፣ ብርሃኑን፣ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደጎደለ ጻፉ። ከሥሩ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ኔጌቲቩ ላይ የሚታየው፣ የፎቶው ወረቀት ላይ የሚታየው፣ ጋዜጣው ላይ የሚታየው። ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ ገዳዩ የሚያውቀው ሦስተኛውን ብቻ ነው፣ ጽጌ የምታውቀው ሦስቱንም። ሴራው የሚወለደው በመካከላቸው ካለው ልዩነት ነው። እኔ ይህን ገጽ ከምዕራፍ አንድ በፊት ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ቀለበቱን የተካው ነጠላ ነው። ከተጠርጣሪዎቹ አንዷ በፎቶው ላይ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለብሳዋለች፤ የኀዘን አለባበስ ነው። ፎቶው ሲነሳ ግን የሰውየውን መሞት ሰፈሩ ገና አልሰማም። ጥለቱ አሥር ሳንቲም ቢሰፋ ጋዜጣው ላይ 1.5 ሚሊሜትር፣ አራት ነጥብ ያህል ይሆናል፤ ረጅም መስመር ስለሆነ መረቡ አይውጠውም። ቀይ ጥለት ግን ተዉ፤ በዚያ ፊልም ላይ ቀይ ነገር ለፊት ቆዳ የተጠጋ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የእኔው ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ነገሩን የሚያዩት የእድሩ ሴቶች ናቸው፤ ፖሊሱ ፎቶውን ሦስት ጊዜ አይቶ ነጠላ ብቻ አይቷል። ማን እንደሆነች ላላነበበ አልናገርም።

አንቱታን አትርሱ፤ ለፍንጭ ከካሜራው አይተናነስም። በማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ፊደል የሚደረድረው ፊደል ለቃሚው ልጅ «እትዬ ጽጌ» ይላታል፣ የእድሩ ዳኛ «ልጄ»፣ አንዱ ተጠርጣሪ ደግሞ በምዕራፍ 3 «እርስዎ» ሲላት ቆይቶ በምዕራፍ 14 ሳያስበው «አንቺ» ይላል። ምን እንደተለወጠ አታብራሩ፤ አማርኛ አንባቢ ጆሮው ይነግረዋል።

የጨለማ ክፍሉ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ቀይ መብራት ለፎቶ ወረቀት ነው። ያ ፊልም ቀይ ብርሃንም ስለሚያይ የማጠቢያው ታንክ ውስጥ ገብቶ እስኪከደን ድረስ በድቅድቅ ጨለማ፣ በዳበሳ ነው የሚጠቀለለው። እኔ የጻፍኩትም እንዲሁ ነበር፤ ጽጌ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ስትዳብስ፣ ከበሩ ውጪ የሰው ኮቴ ስትሰማ፣ መብራት ማብራት ሳትችል። ምዕራፉ የቆመው በዚያ ጨለማ ነው። አርታኢው «አንባቢ ቀይ መብራት ይጠብቃል» ብሎ ለወጠው፤ እኔም የመጨረሻውን እርማት በጥድፊያ ፈርሜ መለስኩ። በታተመው መጽሐፍ ገጽ 61 ላይ ጽጌ ፊልሟን በቀይ መብራት ታጥባለች፣ ኮቴም ትሰማለች፣ መብራት በርቶ ሳለ በሩ ጋ ማን እንደቆመ ግን አይታያትም።