ስልኳ ገና 4 ሰዓት ከ20 ይቀራል ይል ነበር

በ2016 ክረምት ለአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የምዝገባ ድረ ገጽ ሠራሁ። ሥልጠናው ነፃ ነው፤ ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ። ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ ሐምሌ 12 ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር። ገጹ አናት ላይ የቀረውን ጊዜ የሚያሳይ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት እንዳስገባ ተጠየቅኩ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከማብቂያው ላይ የአሁኑን ጊዜ ትቀንሳለህ። ጃቫስክሪፕት (ብራውዘር ውስጥ የሚሠራው የኮድ ቋንቋ) ልዩነቱን በሚሊሰከንድ ይሰጥሃል። ለ86,400,000 ስታካፍለው ቀኑ ይወጣል፤ ትራፊውን ለ3,600,000 ስታካፍለው ሰዓቱ፤ እንዲያ እያልክ እስከ ሰከንድ ትወርዳለህ። ወርን በቁጥር ከሰጠኸው ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ጁላይ 7 ሳይሆን 6 ነው። በየሰከንዱ አንድ እየቀነስክ አትሂድ፤ ሁሌም ልዩነቱን እንደ አዲስ አስላ። ብራውዘር ከጀርባ የተተወ ታብን ስለሚያዘገይ እየቀነሰ የሚሄድ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሐምሌ 12 በፈረንጅ ጁላይ 19፣ 2024 ነው። 11 ሰዓት ደግሞ 17:00። ከኋላው +03:00 ጨምርበት፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (UTC) በ3 ሰዓት ይቀድማል ማለት ነው። ካልጨመርክ ብራውዘሩ 17:00ን ተጠቃሚው ባለበት አገር ሰዓት ይተረጉመዋል። ዋሽንግተን ያለች እህትህ በዚያ ወር 7 ሰዓት ትርፍ ያላት ይመስላታል።

ይህን ሁሉ በትክክል አድርጌ ነበር። የበላኝ «አሁን» የሚለው ነው።

ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ከ40 ላይ ስልኬ ጠራ። አንዲት ልጅ ናት፤ ቁጥሬን ከገጹ ግርጌ አግኝታው ነው። «ወንድሜ፣ ፎርሙን ጨርሼ ላክ ስለው ጊዜው አልፏል ይለኛል። ከላይ ግን ገና 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይቀራል ይላል» አለችኝ። አላመንኳትም። ስክሪንሾት በቴሌግራም ላከችልኝ። እውነቷን ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ የስልኳ ሰዓት ይታያል፤ 12:40 ይላል። የእኔ ስልክ 6:40 ነው የሚለው።

ያኔ ገባኝ። ስልኳን በሐበሻ ሰዓት ሞልታዋለች። እናቴም እንደዚያው ነው የምታደርገው። አክስቶቼም። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ስልኩ 2 እንዲል ነው የሚፈልጉት፤ ትክክልም ናቸው፣ ስልኩ የእነሱ ነው። ኮዴ ግን «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የጠየቀው ያንን ስልክ ነበር። ስልኩ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለተሞላ 6 ሰዓት ጨመረላት። ምዝገባውን የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ግን በራሱ ሰዓት ልክ 11 ሲሆን ዘግቷል። አንድ ገጽ ላይ ሁለት የተለያየ መልስ።

የባሰው በማግስቱ ነው የታየኝ። ሰው ስልኩን ሲሞላ ጠዋትና ከሰዓት የሚለውን ምልክት ልብ አይለውም። ጠዋት 5 ሰዓት ላይ 5 ብሎ ሲሞላ ስልኩ 17:00 አድርጎ ሊይዘው ይችላል። እሱ ሰው ገጹን በመጨረሻው ቀን ጠዋት 5 ሰዓት ቢከፍት «ምዝገባው ተዘግቷል» ነው የሚያነበው፤ 6 ሰዓት ሙሉ እየቀረው። የመመዝገቢያውን ቁልፍ ደግሞ ከቆጣሪው ጋር አስሬው ነበር። እንዲህ ያጋጠመው ሰው አይደውልም። አዝኖ ገጹን ይዘጋል፤ ሰርቨሩ ላይም ዱካው የለም። ስንት እንደነበሩ መቼም አላውቅም። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ለዲዛይን ብዬ የማብቂያውን ቀንና ሰዓት በጽሑፍ የሚናገረውን መስመር ያነሳሁትም እኔ ነኝ። እሱ ቢኖር ልጅቷ አትሳሳትም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ተቋሙ ድረስ ሄድኩ። ኃላፊው «ሲስተሙ ዘግቷል፣ እኛ ምን እናድርግ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሲስተሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስህተቱም የእኔ ነው፤ እሷ ምንም አላጠፋችም» አልኳቸው። በደብዳቤ አቅርብ ተባልኩ። አቀረብኩ። የኮሚቴ ጉዳይ ነው ተባለ። ሥልጠናው ሲጀመር ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም ነበር። አንዲት ወንበር መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? እስካሁን ያንገበግበኛል። ቀጣዩ ዙር ሲከፈት ራሴ ደወልኩላት። ሥራ ጀምራ ነበር፤ አልተመቻትም።

መማሪያዎች «አሁን»ን ከተጠቃሚው ማሽን እንድትወስድ ነው የሚያሳዩህ። ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ እየሠራህ ከሆነ አትስማቸው። ገጹ ሲከፈት ሰርቨሩን ሰዓት ጠይቅ፤ መልሱ ካሽ እንዳይደረግ (ተቀምጦ ደግሞ እንዳይሰጥ) ከልክል፣ አለበለዚያ ያደረ ሰዓት ይመጣልሃል። ከዚያ በኋላ ያለፈውን ጊዜ በፐርፎርማንስ ናው (performance.now()) በሚባለው የብራውዘሩ ቆጣሪ ቁጠር። እሱ ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ ስለሚቆጥር ሰዉ ስልኩን እንዴትም ቢሞላው አይነካውም። ስልኩ ሲተኛ ግን ሊቆም ይችላል፤ ስለዚህ ሰዉ ወደ ገጹ በተመለሰ ቁጥር ሰርቨሩን ደግመህ ጠይቅ። ቁልፉን ቆጣሪው አይዝጋው። ሰርቨሩ ይወስን። ቀናት እየቀሩ ሰከንድ ማሳየትም አልወድም፤ ሰውን ከማስጨነቅ በቀር ጥቅም የለውም።

አሁን «ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ይዘጋል» የሚል መስመር ከቆጣሪው በላይ በትልቁ እጽፋለሁ፤ ዲዛይነር ቢቆጣም አላነሳውም። ከማስረከቤ በፊት ደግሞ የእናቴንና የእህቴን ስልክ እዋሳለሁ። የእናቴን እንዳለ እተወዋለሁ፣ የእህቴን 6 ሰዓት ወደ ፊት እሞላለሁ፣ የእኔን አልነካም። ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ገጹን እከፍታለሁ። እኩል ካልቆጠሩ ሥራው አላለቀም።