ሰንሰለቱን ሳታዩ አትመዝገቡ

ምዝገባ ስለደረሰ ኮምፒውተር ሳይንስ ለገባችሁ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የፕሮግራሚንግ መግቢያው ላይ ኤፍ አገኘሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር እደግመዋለሁ ብዬ ብዙም አልደነገጥኩም። ለካ ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው! ዳታ ስትራክቸር የሚባለው ኮርስ ያለሱ አይወሰድም፣ አልጎሪዝም ደግሞ ያለ ዳታ ስትራክቸር አይወሰድም፣ እና በአንዷ ኤፍ የተነሳ ጓደኞቼ ወደፊት ሲሄዱ እኔ ዓመት ሙሉ ወደኋላ ቀረሁ።

የምዝገባ ስሊፔን ይዤ አድቫይዘሬ ጋ ሄድኩና ፕሮግራሚንጉንና ዳታ ስትራክቸሩን አንድ ላይ ልውሰድ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ስሊፑን ገለበጡና ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ኮርሶቹን በሚወሰዱበት ቅደም ተከተል እንደ ሰንሰለት በቀስት አያያዙልኝ። ይህቺን ስዕል ገና አንደኛ ዓመት ላይ ባያት ኖሮ ስንቱ ነገር በቀረልኝ። ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ መሰጠት አለባት ባይ ነኝ።

አድ እና ድሮፕ፣ ማለትም ኮርስ መጨመርና መጣል፣ የሚፈቀደው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ሬጅስትራር በር ላይ ብትቆሙም አይሆንም። ኮርስ ስትጥሉም ቀጥሎ ምን እንደሚዘጋባችሁ እዩ። ለመመረቅ አጠቃላይ ውጤታችሁ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ዳታ ስትራክቸርም እዚያ ይጠብቃችኋል። ስሊፑ እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አለ። ፎቶ አንስቼ ልልክላችሁ እችላለሁ፣ የፈለገ ይጻፍልኝ።