ስንቅ ያሰናዱ ሴቶችም ዘምተዋል

በየዓመቱ የካቲት 23 ሲደርስ እዚህ ጅማም ስለ ዓድዋ ይነገራል፤ የጦር አበጋዞቹ ስም ይዘረዘራል፣ እቴጌ ጣይቱም በክብር ይነሳሉ። ከእርሳቸው በኋላ ግን ስለ ሴቶች የሚናገር ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ጥያቄ አለ፦ የስንቅ መምሪያ የሚባል ነገር ያልነበረውን ያን ሁሉ ሠራዊት፣ ከመሐል አገር እስከ ትግራይ በእግሩ ሲጓዝ ለወራት ያበላው ማን ነው?

በ1888 ዓ.ም. የዘመተው ጦር ስንቁን የያዘው ከየቤቱ ነው። አብረው የዘመቱት ሚስቶች፣ እህቶችና አገልጋዮች በየሰፈሩበት እህል ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ ውሃና እንጨት ይሸከማሉ፣ ቁስለኛ ያስታምማሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ድንኳኑ ተነቅሎ ጉዞው ይቀጥላል። በዓድዋው ዕለትም ለሚዋጋውና ለቆሰለው ውሃ ያቀረቡት ሴቶች ነበሩ። መቀሌ ላይ በእንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣሊያን ጦር የውሃ ምንጩን እንዲነጠቅ ሐሳብ ያቀረቡት እቴጌ ጣይቱ ሲሆኑ፣ ምሽጉ በጥር ወር የተለቀቀውም ጥማቱ ስለጸና ነው። ውሃ በሰፈር ውስጥ እንዴት ቶሎ እንደሚያልቅ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ያፈለቀው የጦር ስልት ይመስለኛል።

እዚሁ ጅማ የምትኖረው አክስቴ በ1969 ዓ.ም. ደርግ ሕዝቡን ለጦርነት የጠራበት የእናት አገር ጥሪ በታወጀ ጊዜ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር በሶ ስታዘጋጅ ነበር። ከዴዶ ደጋ የመጣውን ገብስ ለቅመው፣ በውሃ አርሰው፣ በሙቀጫ ሸክሽከው ገለባውን ያበጥራሉ፤ ከዚያ በሰፊ ምጣድ ያምሱታል። ቆሎው ካረረ በሶው ይመራል፤ ጥሬነት ካለው ደግሞ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ምጣዱ ላይ የሚቀመጡት እጃቸው የተመሰከረላቸው ሴቶች ብቻ ነበሩ። በደንብ የተዘጋጀ በሶ ለወራት ይቆያል፤ በውሃና በጨው ብቻ ስለሚበጠበጥም እሳት ማንደድ አያስፈልግም። ጭስ የወታደርን ቦታ በሚያጋልጥበት ግንባር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የዘመተ ያውቀዋል። አክስቴ ትከሻዋን እስከ ዛሬ እንደሚያማት ትናገራለች፤ ዘምታ እንደሆነ የጠየቃት ሰው ግን የለም።

በጠላት ወረራ ዘመን መሣሪያ አንስተው የተዋጉ ሴቶች ታሪክ ከዚህ ይልቅ ይታወቃል፤ ቢሆንም በቂ አይደለም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን መርተው ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች መረጃና መሣሪያ ሲያቀብሉ ተይዘው ጣሊያን አገር ወዳለው አዚናራ ደሴት ተግዘዋል፤ ሲመለሱም እንደገና ወደ ትግሉ ገብተዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ድርጅት ጋር ተሰልፈው በዚያው ደሴት ታስረው ነበር፤ ኋላ ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። የጥቁር አንበሳ ጦር ከራስ እምሩ ጋር የመጨረሻ ጉዞውን የፈጸመው ከእኛ ደቡብ በሚፈሰው በጎጀብ ወንዝ አካባቢ መሆኑን ስንት የጅማ ልጅ ያውቃል? የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይም ጦርነቱ ሲጀመር የሴቶችን ማኅበር አስተባብረው ለዘማቹ ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭንብል ያዘጋጁ እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ የመርዝ ጋዝ ይጣልበት ለነበረ ሠራዊት ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር።

ውጊያና ስንቅ ለየብቻ ተቆጥረው አንዱ ጀግንነት፣ ሌላው የቤት ሥራ መባሉን እቃወማለሁ። በዘመናዊ ጦር ምግብ የሚያዘጋጀው፣ የሚያጓጉዘውና የሚያክመው ሰው በአብዛኛው ማዕረግና ደመወዝ ያለው ወታደር ነው። የእኛዎቹ ሴቶች ያንኑ ሥራ ያለ ማዕረግ፣ ብዙዎቹም ልጅ አዝለው ሠርተውታል፤ ከጦርነቱ በኋላም ስማቸው በመዝገብ አልሰፈረም።

የ1969ኙን ጥሪ የሚያስታውሱ እናቶች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ። እኔ የአክስቴን ቃል በስልኬ መቅዳት ጀምሬያለሁ፤ ገብሱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳከፋፈለ፣ ማታ ማታ ልጆቹን ማን እንደጠበቀ፣ የተሰናዳው ስንቅ በማን መኪና እንደተጫነ አንድ በአንድ እጠይቃታለሁ። የቀበሌዋን ሴቶች ስም በቃሏ ስለምታውቀው አሁን የያዝነው ዝርዝሩን መጻፍ ነው፤ በሕይወት ያሉትንም በየቤታቸው ሄደን ለማነጋገር ተስማምተናል።