ያቺ የፕላስቲክ ማሰሪያ

የምሠራው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት አቅራቢያ ባለ አንድ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ነው። ነገሩ የሆነው ሥራ ከጀመርኩ ገና ስድስት ወር ሲሆነኝ ነው።

አንደኛው ሮቦት የአሉሚኒየም ክዳን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። አንጓው ላይ የቱና ቆርቆሮ የምታክል የኃይል ሴንሰር አለች። በሦስት አቅጣጫ የሚገፋትን፣ በሦስት ደግሞ የሚጠመዝዛትን ትለካለች። ሮቦት አምራቹ ዩኒቨርሳል ሮቦትስ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢ-ሲሪዝ በሚላቸው ሮቦቶቹ ውስጥ ሴንሰሩን ገጥሞ ነው የሚሸጠው። የእኛ ሮቦት ግን አሮጌ ስለሆነ ለብቻዋ ተገዝታ የታሰረች ናት። ግፊቱን 20 ኒውተን ላይ አድርገነዋል፤ ሁለት ኪሎ ስኳር እጅ ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው ማለት ነው።

አንድ ሰኞ ክዳኖቹ በአንድ ጎናቸው ሻካራ ሆነው መውጣት ጀመሩ። ስክሪኑ 20 ይላል፣ ክዳኑ ግን የተነካም አይመስል። ሴንሰሯን ዜሮ አደረግኳት። ሮቦቱን አጥፍቼ አበራሁት (ይቺ መድኃኒት የማትፈውሰው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር)። ሮቦቱ የያዘውን የማለስለሻ መሣሪያ ክብደት እንደ አዲስ አስገባሁ። ወይ ፍንክች! በቃ ሴንሰሯ ተበላሽታለች ብዬ ለአምራቹ ኢሜይል መጻፍ ጀመርኩ።

ክፍላችን ውስጥ ጡረታ የደረሱ አንድ ቴክኒሻን አሉ። በጀርመንኛ አንተ ነው የምላቸው፤ በአማርኛ ሳስባቸው ግን አንቱ ይሆኑብኛል። መጥተው ክዳኑን አስነሱና ሮቦቱን ወደዚያ ሻካራ ጎን አዞሩት። ምንም ሳይነካ አየር ላይ ቆሞ ስክሪኑ 7 ኒውተን አለ። ከዚያ የአየር ቱቦውን በአንድ ጣታቸው ቀና አደረጉት። 3 ሆነ። ለቀቁት። ተመልሶ 7።

ቱቦው ከሮቦቱ ክንድ ተነስቶ ሴንሰሯን አልፎ መሣሪያው ላይ ይገባል። አርብ ዕለት ተንጠልጥሎ አስጠልቶኝ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጌ ያሰርኩት እኔው ነኝ። አንጓው ሲዞር ቱቦው ይወጠርና መሣሪያውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ሴንሰሯ ውስጥ ያለው ብረት በዓይን የማይታይ ቅንጣት ሲታጠፍ ነው የምትለካው፤ ማን እንዳጠፈው አታውቅም። 7ቱን ከቱቦው ተቀብላ ለክዳኑ 13 ብቻ ታስተርፍለት ነበር። እኔ ደግሞ ዜሮ የማደርጋት ሮቦቱ ቀጥ ብሎ በቆመበት፣ ቱቦው በላላበት ቦታ ነው። ምን ይታየኛል?

ማሰሪያዋን በመቁረጫ ቆረጧት። «ማነው ያሰራት?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ኢሜይሉን አጠፋሁት። ሻካራ የቀሩት 43 ክዳኖች ግን መጣል አላስፈለጋቸውም። አንድ ጥቅል ብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝና እስከ ማታ በእጄ ሳለሰልስ ዋልኩ።