ኦርጅናል ነው የተባለው ፒክአፕ

ደሴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ዕቃ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። አልፎ አልፎ ቴፕና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ልጆች ጋ ብቅ ይላል። እኔም ሰሞኑን አንገቱ ከተሰበረ ጊታር ላይ የተነቀለ ሀምበከር፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ባለሁለት ጥቅል ፒክአፕ አገኘሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው፣ ጽሑፉን እየው» ብሎ ገልብጦ አሳየኝ። እውነትም ከሥሩ «ፓተንት አፕላይድ ፎር» የሚል ትንሽዬ ጥቁር ስቲከር ተለጥፎበታል።

ስቲከሩ ታሪክ አለው። ሴዝ ላቨር የሚባል የጊታር ኩባንያው የጊብሰን መሐንዲስ ሀምበከርን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት ጠየቀ፣ የተሰጠው ግን በ1959 ነው። ጽሑፉ «ማመልከቻ አስገብተናል» ለማለት ነበር። ዛሬ የዚያን ጊዜ ዕቃ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይሻሙበታል፣ ስቲከሩን ደግሞ ማንም አትሞ ይለጥፈዋል። እኔ ያየሁት ገመዱን ነው። የጥንቱ አንድ ሽቦ በሽቦ መረብ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ከዚህኛው አራት ባለቀለም ሽቦና አንድ ራቁት ሽቦ ወጥተዋል። አለቀ። ቢሆንም ዝም አልኩና በዋጋው ተከራከርኩ፣ ፒክአፕ ኦርጅናል ስላልሆነ መጥፎ ነው ማለት አይደለምና።

ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። ማግኔት አለ፣ በዙሪያው ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ ለሚቆጠር ዙር ተጠምጥሟል። የብረት ክር ከላዩ ሲርገበገብ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ሀምበከር ሁለት ጥቅል አለው፤ አንዱ ከሌላው በተቃራኒ ስለተሠራ ከመብራቱ የሚመጣውን የ50 ኸርዝ እዝዝታ ያጣፋዋል። የሠርግ ድንኳን ውስጥ ጄኔሬተርና አምፖል ተደርድሮ በሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለአንድ ጥቅል ፒክአፕ የተጫወተ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል፣ ዘፋኙ ዝም ሲል ጊታሩ ይቀጥላል።

ቤት ስገባ ቴስተሩን ሃያ ኪሎ ኦም ላይ አድርጌ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ ፈለግኩ። የሽቦ ቀለም ማመን አይቻልም፤ ከፒክአፕ ሠሪዎቹ ሲይሞር ደንከን ጋ ዋናው ሽቦ ጥቁር ነው፣ ዲማርዚዮ ጋ ቀይ። የማን ሥራ እንደሆነ ካላወቅክ ቴስተሩ ይንገርህ። ቀይና ነጭ አራት ኪሎ ኦም ገደማ፣ ጥቁርና አረንጓዴም እንደዚያው። ሁለቱም ጥቅል በሕይወት አለ። ቁጥር ባይመጣ ኖሮ ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚበጠሰው ቀጭኑ ከወፍራሙ ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ነው።

ቀጥሎ የካቻቢቴው ሥራ መጣ። ካቻቢቴውን አንዱ ጥቅል ላይ አስተኝተህ ቶሎ ስታነሳው የቴስተሩ ቁጥር ለአፍታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዘላል። ሌላኛው ላይም ትደግመዋለህ። የቴስተሩን ሽቦዎች እያቀያየርክ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዘሉ የየጥቅሉ የትኛው ጫፍ ፖዘቲቭ እንደሆነ ታገኛለህ። ከዚያ የአንዱን ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር ማገናኘት ነው። ይሄን ሳያዩ የሚበይዱ ሰዎች በኋላ ድምፁ ቀጥኖ፣ ባሱ ጠፍቶ ሲመጣ ፒክአፑን ይሰድባሉ።

ሁለቱን ሳገናኛቸው ቁጥሩ 7.9 ኪሎ ኦም ሆነ። ጠዋት ነው፣ የደሴ ብርድ ይታወቃል። ከሰዓት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ጓደኛዬ ቤት ስለካው 8.3 አለ። ጓደኛዬ «ቴስተርህ ውሸታም ነው» አለ። አይደለም፤ መዳብ አሥር ዲግሪ ሲሞቅ መከላከያው (ሬዚስታንሱ) አራት በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለዚህ ነው በሬዚስታንስ ቁጥር ብቻ «ይሄኛው ይጮሃል፣ ያኛው አይጮህም» የሚሉ ሰዎች የማይገቡኝ። የሽቦው ውፍረት ቢለያይ እንኳ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ማግኔቱን ደግሞ ጭራሽ አይነግርህም።

ስለዚህ መስማት ነው። ሽቦውን ከጃክ ገመድ ጋር በክሊፕ ያዝኩና፣ ጊታሩን ሳልፈታ፣ ፒክአፑን ፊቱን ወደ ታች አዙሬ ከክሮቹ በላይ ያዝኩት። ጓደኛዬ አምባሰል መታ። አምባሰልን የመረጥኩት ለአገር ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያዋና ሁለተኛዋ ድምፅ በግማሽ ቶን ነው የሚራራቁት፣ የደፈረሰ ፒክአፕ ሁለቱን አብረህ ስትመታቸው ያቦካቸዋል። ይሄ ለየብቻ አሰማን። ከላይ ትንሽ ጨለም ይላል፣ ለትዝታ ግን እንዲያውም ይመቻል።

የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም አጠገባችን ቆሞ ሲያይ ነበር። «ጋሼ፣ ለክራርስ ይሆናል?» አለኝ። የብረት ክር ካለው ይሆናል፣ የናይሎን ወይም የጅማት ከሆነ ፒክአፑ ምንም አይሰማም አልኩት። የሱ ክራር ናይሎን ነው፣ ፊቱ ጥቁር አለ።

የቀረ አንድ ጣጣ አለ። በየክሩ ሥር ከሚውሉት ትንንሽ የብረት ምሰሶዎች ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ስለካው 50 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኔ ጊታር ክሮች ብሪጁ፣ ማለትም ታች የሚያርፉበት ላይ ከዚያ ይሰፋሉ። አንገቱ በኩል ግን ጠበብ ስለሚሉ እዚያ ይገባል። ቀዳዳው ለሲንግል ኮይል የተቆፈረ ስለሆነ ፕላስቲኩም እንጨቱም መስፋት አለበት። ሰፈራችን ያለው አናጢ አየውና «ይሄማ የሰዓት ሥራ ነው፣ ግን መጀመሪያ የጀመርኩትን ቁም ሣጥን ልጨርስ» ብሎኛል።