ለአንድ ድንጋይ ብዬ ቻይና ልሄድ ነው

ደብረ ብርሃን ላይ «ቻይና ልሄድ ነው» ካልክ ሰው ሁሉ ዕቃ ልታመጣ ይመስለዋል። እኔ የምሄደው ለማየት ነው። ቤጂንግንና ሻንጋይን ትቼ ሺያንንና ሉዎያንግን መረጥኩ፤ ሁለቱም የጥንት ነገሥታት መናገሻ ነበሩ።

ሺያን ሲባል የሚታወቀው በሸክላ ወታደሮቹ ነው። ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኟቸው በእኛ መጋቢት 1966 ነው። እነሱንም አያለሁ፣ 13.7 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የከተማው ግንብ ላይም ብስክሌት እነዳለሁ። ልቤ ያለው ግን ቤይሊን ሙዚየም ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ781 የቆመ የድንጋይ ሐውልት አለ፤ አናቱ ላይ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር የሎተስ አበባ ተቀርጾበታል። አሎፔን የሚባል አባት በ635 ቅዱሳት መጻሕፍት ይዞ ወደዚያች ከተማ እንደገባና ንጉሡ በክብር እንደተቀበለው ይተርካል። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፣ ግርጌው ላይ ግን ሱርስት፣ የጥንት የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ አለ። ሱርስት! ሰዎቹ ንስጥሮሳውያን ይባላሉ፣ በሃይማኖት ከእኛ ጋር አይገጥሙም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም የዘጠኙን ቅዱሳን ታሪክ እየሰማሁ ላደግኩት ለእኔ፣ ያ መስቀል ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ እዚያ መድረሱ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከሺያን ሉዎያንግ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እዚያ የማየው ሎንግመንን ነው፦ ገደሉ ላይ የተፈለፈሉ ከ2,300 በላይ ዋሻዎችና ጉድጓዶች፣ 17 ሜትር የሚረዝም ቡድሃ።

ቀኑ ነው ያስቸገረኝ። የሉዎያንግ ፒዮኒ አበባ የሚፈካው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ከሁዳዴና ከፋሲካ ጋር ይጋጫል፤ ፋሲካን ከቤት ውጭ አልውልም። መስከረም 21 አካባቢ፣ ልክ በግሸን ማርያም ሰሞን፣ የቻይና ብሔራዊ በዓል ስለሚገባ አገሩ ሁሉ ጉዞ ላይ ነው፣ መፈናፈኛ የለም። ስለዚህ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቆረጥኩ። ጽጌ አለ፣ ግን የፈቃድ ጾም ነው። ብርዱም ለደብረ ብርሃን ልጅ አዲስ አይደለም። አሊፔይ የሚባለውን የቻይናዎች የስልክ መክፈያ ከባንክ ካርዴ ጋር እዚሁ አገናኝቼ ነው የምሄደው፣ የጎግል ካርታም እዚያ ስለማይሠራ ሌላ አወርዳለሁ።

እማዬን የሚያስጨንቃት ምግቡ ነው። «ማን የባረከውን ሥጋ ልትበላ ነው?» ትለኛለች። ልያንግፒ የሚባል የሺያን ምግብ በስልኬ አሳየኋት፤ ቀዝቃዛ፣ እንደ ፓስታ የተቆረጠ ሊጥ፣ በበርበሬ ዘይትና በኮምጣጤ የሚለወስ፣ ሥጋ የማይገባበት። ስልኩን ተቀብላኝ ቀዩን ዘይት ጠጋ ብላ አየችው።

«ይሁን» አለች። «ብቻ በሶህን ይዘህ ነው የምትሄደው።»